በአቼቶ ያደረው ሰላጣ

የፋሲካ ዋዜማ ጠዋት ትራኪ ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድማ ተነሳች፤ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብታም በሩን ከውስጥ ቀረቀረች። ትልቁ ሳፋ ትናንት ባስቀመጠችበት ቦታ፣ ነጭ ጨርቅ እንደለበሰ አድሯል። ጨርቁን ስትገልጠው የአቼቶው ሽታ ዓይኗን አስለቀሳት። እጇን ሰድዳ አንድ ቅጠል አወጣች። ትናንት ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ይሰበር የነበረው ሰላጣ ዛሬ እንደ እርጥብ ሻሽ ጣቷ ላይ ተጠመጠመ።

ጨርቁን መልሳ ሸፈነችው። ከዚያ እንደገና ገለጠችው፤ ሁለተኛ ሲነኩት ሌላ ነገር ሆኖ የሚገኝ ይመስል።

ሳፋው ውስጥ ያለው የሰፈሩ ሁሉ ሰላጣ ነው። ትንሹ ሐራ በጄርባ ደሴት አይሁዶች ከሚኖሩባቸው ሁለት ሰፈሮች አነስተኛው ሲሆን፣ በፋሲካ ማታ ከቂጣው ጋር የሚበላው መራራ ቅጠል ከትራኪ ግቢ መውጣት ከጀመረ የአንድ ሰው ዕድሜ አልፎታል። ዘሩን መጀመሪያ የዘራችው የባሏ እናት ነበረች። ትራኪ ሙሽራ ሆና ስትገባ አማቷ ከወርቁ በፊት የሰጠቻት በጨርቅ የተቋጠረ የሰላጣ ዘር ነበር፤ ያን ጊዜ እንደ ስድብ ቆጥራው እንደነበር ትራኪ አሁንም አትክድም።

ሰላጣው እንደ ገበያው ሰላጣ ራስ አይቋጥርም። ቅጠሎቹ እንደ ተከፈተ መዳፍ ይዘረጋሉ። ከሥራቸው ነጭ፣ መሐላቸው አረንጓዴ፣ ጫፋቸው ጥቁር ሊባል የደረሰ ቀይ ነው፤ ጠርዛቸው ተሸብሽቦ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል። ትራኪ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ትዘራዋለች፤ ሲደርስም ከውጭ ከውጭ እየቀነጠሰች ልቡን ትተዋለች እንጂ ከሥሩ አትነቅለውም። ሌሊቱ በበረደ ቁጥር ቀዩ ይደምቃል። የብርዱን ወራት ሁሉ ቤተሰቡ በወይራ ዘይትና በሎሚ ለውሶ፣ ከቱናና ከተቀቀለ እንቁላል ጋር ይበላዋል። ፋሲካ ሲቃረብ ግን ትራኪ እጇን ትሰበስባለች። ቅጠሉ እንዲያረጅ፣ እንዲመርም ትተወዋለች። ለዚያ ማታ ጣፋጭ ሰላጣ ምን ያደርጋል።

ጣጣው ሁልጊዜ ክሽክሽ የሚባለው፣ የቅጠል ውሃ የሚመጠው ደቃቅ ነፍሳት ነው። የተሸበሸበ ቅጠል ለክሽክሽ ጥሩ መኖሪያ ነው፤ በዚህ ሰፈር ደግሞ ነፍሳት መብላት ከአሳማ ሥጋ የማያንስ ኃጢአት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅጠል ከፊትም ከኋላም ወደ ብርሃን ተይዞ ይታያል፤ አቼቶ ጠብ ባለበት ውሃ ገባ ወጣ ይደረጋል፤ እንደገና ይታያል። ትራኪ ይህን ስትሠራ ኖራለች። ቅጠሉ በትራኪ ዓይን ካለፈ ሌላ ሴት አትመረምረውም። የረቢው ሚስት ኩካ እንኳ ጨርቁን ሳትፈታ ተቀብላ ነው ለየቤቱ የምታከፋፍለው። ትራኪ በሰፈሩ ውስጥ ሌላ ማዕረግ ኖሯት አያውቅም፤ ይህ አንዱ ይበቃት ነበር።

አሁን ግን ዓይኗ ከድቷታል። መጀመሪያ በመብራቱ ዙሪያ ቀለበት ታያት፤ ቀጥሎ የመርፌው ቀዳዳ ጠፋባት፤ ካለፈው በጋ ወዲህ ደግሞ የሰው ፊት የሚታያት በትንፋሽ በደበዘዘ መስታወት ውስጥ እንዳለ ሆኖ ነው። የዓይን ሞራ መሆኑን የሚነግራት ሐኪም አላስፈለጋትም፤ እናቷም እንዲሁ ሆና ነው ያረጀችው። ለማንም አልተናገረችም። ድስቱን በሽታው፣ ሰውን በድምፁ፣ ችግኙን በጣቷ እየለየች ከረመች። ክሽክሹ አረንጓዴ ቢሆን ኖሮ በቀዩ ላይ ነጥቡ ምናልባት ይታያት ነበር። በእሷ ሰላጣ ላይ የሚወጣው ግን ቀላ ያለ ነው፤ የተቀመጠበትን ቅጠል ይመስላል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የደረሰውን ሁሉ ቀንጥሳ ሳፋው ፊት ተቀመጠችና የመጀመሪያውን ቅጠል ወደ መስኮቱ አነሳች። ያየችው ቀይ ጉም ነው። ነክራ አውጥታ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ከጠርዙ ሥር አንዲት ደቃቅ ነገር አገኘች፤ አሸዋ ትሁን ነፍስ ያላት ትሁን መለየት አቃታት። ስለዚህ አቼቶ ጨመረች። አቼቶ ክሽክሹን ያላቅቀዋል፤ ትንሽ ቢቆይ ይበልጥ ያላቅቀዋል። ቆይታ ሌላ ቅጠል አነሳች፤ አሁንም ጉም። ጠርሙሱን እንዳለ ገለበጠችበት። እራት ሳይቀርብ አወጣዋለሁ ብላ ሸፈነችው። ከእራት በኋላ መጥታ አንድ አወጣች፤ ምንም አላየችም፤ መለሰችው።

ሕጉን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። በአቼቶ ተዘፍዝፎ የቆየ ነገር እንደ ተቀቀለ ይቆጠራል፤ የተቀቀለ ቅጠል ደግሞ ለመራራው ቡራኬ አይበቃም። ይህን በሐራ ውስጥ ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ብታወጣው ክሽክሹ አለ፤ ብትተወው አቼቶው አለ። ክሽክሹ ይበልጥ አስፈራትና ሳታወጣው አደረች።

በሩ ተንኳኳ።

«እማማ፣ ውስጥ ነዎት?» የልጇ የክላፋ ሚስት ሐኒና ነበረች። «ክላፋ ለበዓሉ እርሾ እንዳይቀር የተረፈውን ዳቦ ሊያቃጥል ነው። ፍርፋሪ ካለዎት ይስጡኝ ይላል።»

«እኔ ጋ ፍርፋሪ ምን ይሠራል። ያቃጥለው።»

«ይሄ የአቼቶ ሽታ ምንድነው? ኩሽና ድረስ ገብቷል እኮ።»

«ሰላጣው ነዋ።»

ሐኒና በሩን ገፋ አድርጋ ሞከረችው። «አሁን ነው የነከሩት?»

«አሁን ነው» አለች ትራኪ።

«እንግዲያው ላግዝዎት። ኩካ ዛሬ ከቀትር በፊት እመጣለሁ ብላለች።»

«አያስፈልግም። አንቺ ሥጋሽን ጣጂ።»

«ሥጋው ተጥዷል። በሩን ይክፈቱልኝ፣ እማማ።»

ሐኒና የትልቁ ሐራ ልጅ ናት። ወደዚህ ቤት ከገባች ሁለተኛ ፋሲካዋ ነው፤ እስከ ዛሬ ሁለቱ ሴቶች ሲከባበሩም ሲጠራጠሩም ነው የኖሩት። ትራኪ በሩን እንደዘጋች ብትቀር ነገሩ ይብሳል ብላ መቀርቀሪያውን ሳበች። ሐኒና ገባችና በቀጥታ ጨርቁን ገለጠችው።

አቼቶው ሐምራዊ ሆኗል። የሰላጣው ቀይ ቀለም ለቆ ወጥቶ ቅጠሎቹ እንደ ታጠበ ኩታ ገርጥተው ተንሳፍፈዋል። ትራኪ ይህን አላየችውም፤ የሐኒናን ዝምታ ግን ሰማችው።

«ይሄ ቀለም አሁን ከተነከረ ሰላጣ አይወጣም።»

«ትናንት ነው።»

«ትናንት መቼ?»

«ፀሐይ ሳትገባ።»

ሐኒና ባልዲውን ገልብጣ ተቀመጠችበት። «ታዲያ ይሄ ሰላጣ ነው? ይሄ እንደ ወይራ በጠርሙስ የሚታሸግ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቁ ምን ነካዎት?»

«ረሳሁት።»

«እርስዎ? በሠርጌ ማግስት ወጡ ላይ ጨው እንዳበዛሁ እስከ ዛሬ የሚያስታውሱ ሰው ይሄን ረሱ?»

ሐኒና ከሳፋው አንድ ቅጠል አውጥታ ወደ መስኮቱ ያዘችው፤ ገለበጠችው። «ይኸው ክሽክሽ። ሞቶ ተጣብቋል። ይኸው ደግሞ እዚህ።» ቅጠሉን ወደ አማቷ ፊት አቀረበችው። «ይሄን አላዩትም?»

ትራኪ ፊቷን ወደ ቅጠሉ መለሰች። ሐኒና ቅጠሉን ቀስ አድርጋ ወደ ጎን ወሰደችው። የአሮጊቷ ዓይን ባለበት ቀረ።

«እማማ፣ ይሄ ስንት ጣት ነው?»

«ሐኪም ሆንሽ እንዴ?»

«ስንት ነው?»

«እጅሽን አውርጂ። ነውር ነው።»

ሐኒና እጇን አወረደች። ከግቢው የሚቃጠለው ዳቦ ሽታ መጣ፤ ክላፋ በደንቡ የሚባለውን ሲያነበንብ ይሰማል። ክላፋ ቆይቶ ወደ ምኩራብ ይሄዳል፤ እስኪመሽም አይመለስም። ሁለቱም እስኪወጣ ጠበቁ።

«ክላፋን ከምኩራብ አስጠርተን ወደ ከተማ ብንልከውስ? ገበያ ላይ አያጣም» አለች ሐኒና በመጨረሻ።

«የትልቁ ሐራ ሰዎች ለገበያ ምን አስተርፈው ያውቃሉ?»

«እውነትዎን ነው። እናቴ ትናንት በማለዳ ሄዳ እንኳ የተገፋችበት ጎኗ አሟታል።» ሐኒና ተነስታ ሳፋውን በእግሯ ወደ ግድግዳው ገፋችው። «እኔማ ብዬ ነበር። እንደ እኛ ሰፈር ለስላሳውን አረንጓዴ ብንተክል ይህ ሁሉ ጣጣ የለም ብዬ ነበር።»

«የእናንተ ሰላጣ ውሃ ነው። ቢበሉትም ባይበሉትም አንድ ነው።»

«የእርስዎ ደግሞ እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ ውስጡ እንግዳ ይሞላበታል።»

ትራኪ ልትስቅ ምንም አልቀራት። ቀጥሎ የኩካ ነገር ትዝ አላትና ሳቁ እዚያው ቀረ።

ወደ ግቢው ወጡ። ከንጋት ጀምሮ የደቡቡ ነፋስ ተነስቷል፤ አሸዋ ተሸክሞ በኖራ በተቀባው ግድግዳ ላይ ይፈጫል። መደቡ ላይ የቀረው ልብ ልቡ ብቻ ነው፤ ከጣት የማይረዝም ቅጠል፣ ገና ያልመረረ። ግድግዳው ሥር ግን፣ ከዘንባባ ዝንጣፊ በተሠራው ከለላ ጀርባ፣ ለዘር የተተዉት ቆመዋል። ግንዳቸው ሽቅብ ወጥቶ ሊያብብ ደርሷል፤ የግርጌ ቅጠሎቻቸው ሰፋፊና ደረቅ ያሉ ናቸው። ሐኒና ከአንዱ ቆንጥራ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች።

«በመራራነትስ አይታማም። ምላሴን ቆረጠው።»

«ከዚህ ውሰጂ። ይህችን ዳር ላይ ያለችውን ብቻ ተያት፤ ለዘር ትሁነን።»

ቀንጥሰው በቅርጫት አስገቡትና በሩ አጠገብ፣ ብርሃን በሚገባበት ተቀመጡ። ሐኒና አንዱን ቅጠል አነሳች። የተጠቀለለውን ጠርዝ በጣቷ እየዘረጋች እጥፋቱን አንድ በአንድ አየች፣ በውሃ ነከረች፣ አወጣች፣ እንደገና አየች። አንድ ክሽክሽ አገኘች፤ አነሳችው። ሌላ አገኘች። ያንኑ ቅጠል ገልብጣ ደግሞ አንድ አገኘች። ትራኪ ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው የሚወስደውን ጊዜ በጆሮዋ ትከታተል ነበር፤ ውሃው ቦጭረቅ ይላል፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ ለዚያው ቅጠል እንደገና ቦጭረቅ ይላል። በዚህ አካሄድ እስከ ቀትር ድረስ የአንድ ቤት ድርሻ እንኳ አይደርስም።

«ጠርዙን እንቁረጠው» አለች ሐኒና። «ያለው ጠርዙ ላይ ነው። ነጩ የቅጠሉ መሐል አገዳ ለስላሳ ነው፤ ክሽክሽ የሚደበቅበት የለውም። አገዳው ለቡራኬው ይበቃል፤ በእኛ ሰፈር ዓይናቸው የደከመ ሰዎች የሚበሉት እሱን ነው።»

«ቀዩን ቆርጠሽ ምን ልትልኪ ነው? ነጭ ዱላ?»

«ንጹሕ ዱላ።»

«የእኔ መሆኑን ሰው በምን ያውቃል?»

ሐኒና ይህን ጥያቄ አልጠበቀችም። እጇ ላይ ያለውን ቅጠል ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«አያውቅም» አለች። «ወይም ደግሞ ቀዩን እንዳለ ይላኩት። ኩካ ጨርቁን አትፈታም። በእርስዎ ዓይን አልፏል ብለው ሁሉም ይበሉታል፤ ማንም ምንም አያይም። እኔም አልናገርም። እንደዚያ ከሆነ ግን ዛሬ ማታ ሰላጣውን ወደ አፌ አላስጠጋም፤ ክላፋም እንዲያስጠጋ አልፈልግም። ምክንያቱን ለእሱ የሚነግሩት እርስዎ ነዎት።»

ነፋሱ የዘንባባውን ከለላ ደጋግሞ ከግድግዳው ጋር አላተመው። ትራኪ በግድግዳው ማዶ ስለምትኖረው ስለ ዘይራ አሰበች። ሁለቱ በአንድ ዓመት ሙሽራ ሆነው የገቡ ናቸው። ዘይራ ቡራኬው ሲባል ዓይኗን ጨፍና ነው ቅጠሉን የምትበላው።

«ቢላውን ስጪኝ» አለች።

ቀዩ የት አልቆ ነጩ የት እንደሚጀምር ጣቷ ያውቀዋል፤ ነጩ ወፍራምና ቀዝቃዛ ነው። አገዳውን በግራ እጇ አጥብቃ ይዛ ቢላውን በሁለቱም ጎን ቁልቁል ሰደደችው። ተሸብሽቦ የኖረው ቀይ ሁሉ እግሯ ሥር ወደቀ። ሐኒና ነጩን ተቀብላ አጠበችው፤ ወደ ብርሃን ያዘችው፤ ጨርቁ ላይ አስቀመጠችው። ሥራው አሁን ሄደላቸው። ዶሮዎቹ ሽታው ጠርቷቸው መጥተው የወደቀውን ቀይ መልቀም ጀመሩ፤ ትራኪ እንደ ወትሮው አላባረረቻቸውም።

ቅርጫቱ ሳይጋመስ ኩካ መጣች። ድምፅዋ ከበሩ ቀድሞ ነው የሚገባው።

«ትራኪ፣ ነፋሱ ከነቅርጫቴ ሊወስደኝ ነበር፤ ቶሎ ስጪኝ እባክሽ። የዛሬው ቤት ሁሉ አብዷል፤ አንዷ ስለ ድስት ትጮሃለች፣ አንዷ...» ቆመች። «ይሄ ምንድነው? ሰላጣው የት ሄደ?»

«ነፋሱ ጠርዙን አቃጥሎት ነው፣ እትዬ ኩካ» አለች ሐኒና ቶሎ ብላ። «ለዚህ ነው እየቆረጥን ያለነው።»

ትራኪ ቢላውን አስቀመጠች። ሐኒና ይህን ያህል ቀላል ውሸት ትሰጠኛለች ብላ አልገመተችም ነበር። ኩካን ሊያሳምናት እንደሚችልም አወቀች።

«ነፋሱ አይደለም» አለች። «ዓይኔ አያይም፣ ኩካ። ትናንት የነከርኩት አቼቶ ውስጥ አደረ። ይሄን የምታየው ሐኒና ናት። እኔ የምቆርጠው በዳበሳ ነው።»

ኩካ ቅርጫቷን መሬት አስቀመጠች። ትራኪ ልቅሶ ወይም ቁጣ ጠብቃ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆይቷል።»

«ስለ ዛሬ አይደለም የምጠይቅሽ። ስለ አምና ነው።»

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ትራኪ ከተነሳችበት ሰዓት ጀምሮ ስታውቀው ነበር። መልሱን ግን እስከ አሁን ለራሷም አልሰጠችውም። አምና መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቅጠሉን አንስታለች፤ ያን ጊዜም ሁለት ሦስቴ ዓይኗን ጠርጋለች፤ ደክሞኝ ነው ብላለች።

«አምና ይታየኝ ነበር» አለች። «አያለሁ ብዬ ነበር የማስበው።» ከዚያ፦ «አላውቅም።»

«አላውቅም?»

«አላውቅም ኩካ።»

«እኔ እኮ በዚህ በእጄ ነው ለየቤቱ ያደረስኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ረቢው ባርኮ በልቶበታል።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።»

ኩካ ፊቷን አዙራ ወጣች። ቅርጫቷን ትታ ነው የሄደችው፤ ትመለሳለች ማለት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ሐኒናም ትራኪም አፍ አውጥተው አልተነጋገሩበትም። ሐኒና ማጠቧን ቀጠለች። ትራኪ አንዱን አገዳ ስትቆርጥ ቢላው ሾልኮ አውራ ጣቷን ነካት፤ ሐኒና ደሙን አየችና አገዳውን ከእጇ ነጥቃ ወደ ዶሮዎቹ ጣለችው።

«ቢላውን ልቀበልዎት?»

«አትቀበይኝም።»

ጣቷን በጨርቅ አሰረችላት። የግድግዳው ጥላ ወደ እግራቸው ተሰብስቦ ሊያልቅ ደረሰ። ኩካ ስትመለስ ቀትር ሆኗል፤ ትንፋሽዋ ይቆራረጥ ነበር፤ ሮጣ ወይም አልቅሳ ይሆናል።

«ረቢውን ጠየቅሁት» አለች ሳትቀመጥ። «ያለፈው አልፏል፤ የበሉት ሰዎች አምነው ነው የበሉት፤ እነሱ ላይ ምንም የለም ብሏል። አገዳው ይበቃል። ሐኒና ትየው፣ ከእሷ ቀጥሎ እኔ ልየው።»

«ደግ» አለች ትራኪ።

«አልጨረስኩም። ማንም ሳያውቅ እንዳይቀበል ብሏል። የአምናውም ይነገር።»

«ትነግሪያቸዋለሽ እንግዲህ።»

«እኔ ቅርጫት እሸከማለሁ እንጂ የአንቺን አፍ አልሸከምም። በየበሩ አንቺው ነሽ የምትናገሪው።»

ከዚያ ኩካ ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠችና ከጨርቁ ላይ አንድ አገዳ አንስታ ወደ ብርሃን ያዘች። ሦስቱም ሥራውን ቀጠሉ። አንዴ ኩካ «ይሄስ?» ብላ አንዱን ወደ ሐኒና ስትዘረጋ የትራኪ ቢላ ቆመ። ሐኒና በጥፍሯ ፋቀችው። «አሸዋ ነው» አለች። ኩካም አየችው። አሸዋ ነበር። ቢላው ቀጠለ።

ሥራው ሲያልቅ ለየቤቱ ትንሽ ትንሽ ጭብጥ ደረሰ፤ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲታይ ሰላጣ ነው ብሎ የሚጠረጥር የለም። ኩካ ቅርጫቱን ያዘች፤ ሐኒና የትራኪን ክንድ ያዘች። ትራኪ ክንዷን አስለቀቀች፤ መንገዱን እግሬ ያውቀዋል አለች። ጠባቡ መንገድ በነፋሱና በተቃጠለ ዳቦ ሽታ ተሞልቶ ነበር፤ ከየግቢው የበግ ወጥና የአረንጓዴ አትክልት እንፋሎት ይወጣል።

በመጀመሪያው በር ላይ ቃሉ ከአፏ አልወጣ ብሎ ቆየ። ከዚያ ወጣ። «ከእኔ ግቢ ነው። ዓይኔ ደክሟል፤ ያዩት ሐኒናና ኩካ ናቸው። የአምናውን ንጹሕ ነው ማለት አልችልም፤ አላውቅም። ብትፈልጊ ተቀበዪ።»

ሴትዮዋ እርጥብ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ዓይንሽ እንደሄደማ አውቄያለሁ። ባለፈው ባሌን ጎረቤታችን ነው ብለሽ ስለ ራሱ አምተሽለታል።» ጭብጡን ተቀበለች። «እሱም ደስ ብሎት ሰማሽ።»

በሁለተኛው በር የተቀበሏት ያለ ቃል ነው። በሌላው አንዲት አሮጊት ሐኒናን ከላይ እስከ ታች አይታ፣ «ከትልቁ ሐራ መጥታ የእኛን ቅጠል የምታይልን እሷ ናት?» አለች፤ ሐኒናም «ሌላ ዓይን ካለዎት ያምጡ፣ እማማ» አለቻት፤ አሮጊቷም ወሰደች። አንዲት ወጣት እናት ስለ አምናው ደጋግማ ጠየቀች፤ ኩካ የረቢውን ቃል ስትነግራት እንኳ ፊቷ አልተፈታም፤ ግን ተቀበለች። ትራኪ በየበሩ ያንኑ ተናገረች። ስትደጋግመው ቀለላት የሚል ቢኖር ተሳስቷል፤ እያንዳንዱ በር አዲስ ነበር።

የዘይራ በር የመጨረሻው ነው። ዘይራ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«በየቀኑ በዚያ ግድግዳ ላይ ሆነን ስናወራ ነው የምንውለው» አለች ዘይራ። «ስለ ጉልበትሽ ነግረሽኛል። ስለ ጥርስሽ ነግረሽኛል። ይህን አልነገርሽኝም።»

«አልነገርኩሽም።»

«ዓመት ሙሉ ደብቀሽኝ፣ ዛሬ ንጹሕ ነው የምትዪኝን በምን ልመን?»

«እኔ አይደለሁም ንጹሕ ነው ያልኩት። ያዩት እነሱ ናቸው።»

«እኔ ከእነሱ ተቀብዬ አላውቅም። ከአንቺ ነው የተቀበልኩት።» በሩን በኃይል አልዘጋችውም፤ ቀስ አድርጋ ነው የመለሰችው። መቀርቀሪያው ሲገባ ተሰማ።

ኩካ ጭብጡን ለሌላ ቤት እንጨምረው አለች። ትራኪ የዘይራ ነው ብላ ይዛው ገባች። ሁለቱን ግቢ በሚለየው ዝቅ ያለ ግድግዳ ላይ፣ ከዘይራ ወገን እጅ በሚደርስበት አስቀመጠችው፤ ነፋሱ እንዳይወስደው ድንጋይ ጫነችበት። ከዚያ ታጥባ ነጭ ልብሷን ለበሰች። ማዕዱ ተዘርግቷል፤ ሐኒና ሳህኖቹን እያቀረበች በኩሽናውና በግቢው መካከል ትመላለሳለች።

«አለ?» ብላ ጠየቀቻት ትራኪ።

ሐኒና ወደ ግድግዳው አየች። «አለ።»

ነፋሱ ወደ ማታው ደከመ። ከዘይራ ግቢ ወንበር ሲጎተት፣ ሳህን ሲቀመጥ ይሰማል፤ ሰው ወደ ግድግዳው ሲመጣ ግን አልተሰማም። ወይም ተሰምቶ ይሆናል፤ ዶሮዎቹም ይንጫጩ ነበር። ክላፋና ሌሎቹ ወንዶች ከምኩራብ ሲመለሱ ድምፃቸው በመንገዱ ጫፍ መጣ።

«አሁንስ?»

ሐኒና እጇ ላይ የያዘችውን ሳህን እንደያዘች ቆመች። ወደ ግድግዳው አየች፤ ከዚያ አማቷን አየች።

«የለም» አለች። «ወስዳዋለች።»

ትራኪ የቃሉን ድምፅ አዳመጠች። እውነት ይሁን እሷን ለማጽናናት የተባለ ይሁን የሚለይላት ምልክት አላገኘችበትም። ወደ ግድግዳው ሄዳ በእጇ ብትዳብስ እርግጡን ታውቅ ነበር፤ ግድግዳው ከተቀመጠችበት ሩቅ አይደለም። ክላፋ በሩን ከፍቶ መልካም በዓል እያለ ገባ። ትራኪ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። ሐኒና ነጩን አገዳ መሐል ላይ አቀረበችው።